ከጮቄ የጠፋው አይጥ አዳኝ

 ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ታሪክ ሲባል ንጉሥና ጦርነት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ገበሬና አውሬ እንዴት አብረው እንደኖሩም እኮ ታሪክ ነው። የእኛው ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከስሜን፣ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከመንዝና ከወሎ ደጋ ጋር ጎጃምም ድርሻ ነበረው። ዛሬ የለም። ጉና ተራራ ላይም በቅርብ ዓመታት ጠፍቷል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ አሁን ለአካለ መጠን የደረሰው ቢቆጠር 500 አይሞላም።

የጠፋው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ገብሱና ድንቹ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ወጣ፣ አስታው ተመነጠረ፣ ሣሩን ከብት ጋጠው። ሰው ሲወጣ ውሻውም ይከተለዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ላይ ብዙውን የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ «የበግ ሌባ» የሚለው ስም አለ።

በዚህ ስም ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ከተማ ለተቀመጠ ሰው በተለይ። ደጋ ላይ ግን አንዲት ጠቦት ማለት የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ናት። ቀይ ቀበሮም አንዳንዴ ጠቦት ይነጥቃል፣ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ባሌ ላይ ኩሱን እየሰበሰቡ ያጠኑ ባለሙያዎች ከምግቡ 96 በመቶ ገደማው አይጥና ፍልፈል ሆኖ ነው ያገኙት። ገብሳችንን የሚበላውን የሚበላ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ። የጭላዳውን ግልገል ብዙውን ጊዜ ዞር ብሎ አያይም።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የዱር እንስሳት ደንብ ቀይ ቀበሮን መግደል ከልክሎ እስከ ሁለት ዓመት እስራት አስቀምጦ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ ጠቦት አይጠብቅም። ጓሳን ተመልከቱ። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ በጋራ ወስነው እየከፈቱ ኖረዋል። ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ብለው እንጂ ለቀበሮ አዝነው አልነበረም፤ ቀበሮውም አብሮ ተረፈ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ኋላ ላይ በአዲስ መልክ መልሶ አቁሞታል። ጮቄ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም።

ጅብንም እንየው። ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት የጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ፀጉር ለየ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ወጣ። ሰው ሥጋ ሲተው፣ አጥንትና ፈርስ ከደጅ ሲጠፋ፣ ጅቡ ወደ አህያው ዞረ! የአውሬው ጠባይ ግማሹ የእኛ ጠባይ ነው ማለት ነው። በረት ማጥበቅ፣ አህያን ማታ ማስገባት፣ በድንን ሜዳ ላይ አለመጣል ከመርዝ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። መርዝ ደግሞ አይመርጥም፤ ለጅብ የተቀመጠውን ውሻም ጥንብ አንሳም ይበላዋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ክፍሌም ስለማስብ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ስም ስጠራ የማይመልሱ ልጆች አሉ፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮና ወፍ እየጠበቁ ነው። የአውሬን ዋጋ በትምህርቱ የሚከፍለው ያ ልጅ ነው። ስለዚህ «አትግደሉ» ብሎ መስበክ ብቻውን አያዋጣም። ጥበቃውን ቤተሰብ ለብቻው ሳይሆን መንደሩ በተራ ቢይዘው፣ ልክ እንደ ደቦ፣ ልጁም ክፍል ይገባል፣ መርዝ ፍለጋም ይቀንሳል። ይህን በጀት አይጠይቅም፣ ስምምነት ነው የሚጠይቀው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳንባል እፈራለሁ። ለቀይ ቀበሮአችን ዘግይተናል፤ ለተረፈው ግን ገና ነን።

ከስናን፣ ከቢቡኝ፣ ከማቻከል ወገን የሆናችሁ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ እስቲ፤ ቀይ ቀበሮን አይተውት ያውቃሉ? ምን ብለው ይጠሩት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እነሱ ሳያልፉ ብንጽፈው ይሻላል።