የአክሱም ሐውልት ያመለከተው መንገድ

ከጅሬን ኮረብታ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል የሚመለከታት ጅማ፣ በፋሽስት ወረራ ዘመን ጠላት የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ያስተዳድርባት የነበረች፣ ቀንበሩም እስከ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ያልወረደላት ከተማ ናት። ስለዚህ ከ19 ዓመት በኋላ በሮማ አደባባይ የተፈጸመው ገድል ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ የተወለደው የክብር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በተጀመረው የ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሩጫ ተሰለፈ። ሲመሽም ወታደሮች በችቦ ባበሩት በጥንቱ የአፒያ መንገድ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ከተጓዘ በኋላ፣ ጠላት ከአክሱም ነቅሎ በሮማ ካቆመው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየውና፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ ተፎካካሪውን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ዘንድ ሩጫውን ፈጸመ። ከጥቁር አፍሪካውያን ወገን የኦሊምፒክን ወርቅ በመቀዳጀትም በኵር ሆነ።

ዓለም ከሁሉ አብልጦ ያነሣው ባዶ እግሩን ነው፤ የተሰጠው ጫማ አልስማማ ብሎት፣ በባዶ እግር መሮጥንም አስቀድሞ ለምዶት ነበርና። ነገር ግን ይህን ድል እንደ ድንገተኛ ተአምር መቍጠር ባለድሉን ማሳነስ ነው፤ እርሱና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ከውድድሩ በፊት ተመልክተው፣ ሐውልቱ ከፍጻሜው እምብዛም እንደማይርቅ አስተውለው፣ ማምለጥ የሚገባው ከዚያ መሆኑን ቈርጠው ነበር። ጠላት ለክብሩ ያቆመው ድንጋይ ለኢትዮጵያዊው መንገድ መሪ ሆነለት።

ምስጢሩ የደጋው ከፍታ ነው የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ እንደ በቆጂ ያሉ፣ ከፍታቸው ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ብርዳማ አገሮች ሯጭ ሲያፈሩ፣ የጅማ ምድር ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ልምላሜዋ ቡናን ታበቅላለች። ሆኖም አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍም የደጋው አየር ያው ነበር፤ ሯጮቿ ግን ያለ ሜዳሊያ ተመለሱ። የአጋሮ ገበሬ ለዚህ አስረጂ አያሻውም፤ ዛፉ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን፣ ቀይ እሸቱ ተመርጦ ካልተለቀመና በአልጋ ላይ እየተገላበጠ ካልደረቀ ጀንፈሉ ዋጋ እንደማያወጣ ያውቃልና።

የኋላው ታሪክም ይህንኑ ያጸናል። አበበ በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ፤ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የእግር ሕመም ከመንገድ ሲያስቀረው ማሞ ወልዴ ተክቶት አሸነፈ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ማራቶን ባለወርቅ ሆነች። ሰውነትን በሥርዓት የማዘጋጀትና መንገድን አስቀድሞ የማጥናት ልማድ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲህ ተላልፏልና፣ ስለ አበበ ለልጆቻችን ስንተርክ ከባዶ እግሩ ይልቅ ይህን ትጋቱን ማስቀደም ይገባናል።