ለአድማጭ የተከፈለው ሳንቲም

ጋዜጣ የተሸጠለትን ቅጂ ይቆጥራል፤ የሬዲዮ ጣቢያ ግን ማን እንደሰማው የሚያውቀው አድማጩ ሲነግረው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የገበያ አጥኚው የአርቺባልድ ክሮስሊ ጠያቂዎች ወደየቤቱ እየደወሉ ትናንት ምን እንደተሰማ መጠየቅ ጀመሩ። ከተጠያቂው የሚፈለገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ስልክ የሌለው ቤተሰብ ግን ከቆጠራው ውጭ ቀረ። በ1942 የአርተር ኒልሰን ኩባንያ ሬዲዮው መቼና በየትኛው ጣቢያ ላይ እንደተከፈተ የሚመዘግብ መሣሪያ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ላይ መዝገቡን ከየቤቱ የሚሰበስቡት የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመጣው ሞዴል ግን መዝገቡ የሰፈረበትን ፊልም አውጥቶ በፖስታ መላክና አዲሱን መክተት የቤተሰቡ ሥራ ሆነ። አዲሱ ፊልም ሲገባ ከመሣሪያው ሁለት ባለ 25 ሳንቲሞች ይወድቁ ነበር። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ክፍያ መደለያ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን የጥናቱ ድካም ከአጥኚው ወደ አድማጩ ሲዛወር የመጣ ዕዳ ነው እላለሁ።

አርቢትሮን የተባለው ድርጅት ለአድማጮች በላከው የማስታወሻ ደብተር ይህ ዕዳ ይበልጥ ይጎላል። አድማጩ ሳምንቱን ሙሉ የሰማውን ጣቢያ፣ ሰዓቱንና ቦታውን በእጁ ይጽፍ ነበር፤ በፖስታው ውስጥም ጥቂት ዶላር አስቀድሞ ይደርሰው ነበር። ገንዘብ መልስን ያጣምማል ለሚሉ፣ ክፍያው ደብተሩ ሳይሞላ የተሰጠ፣ የትኛውም ጣቢያ ቢጻፍ የማይለወጥ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አጥኚው አላን ቸርች በ1993 የ38 የፖስታ መጠይቅ ጥናቶችን ውጤት አነጻጽሮ፣ አስቀድሞ የተላከ ገንዘብ የመላሾችን ቁጥር በአማካይ በ19 የመቶኛ ነጥብ እንደሚያሳድግ፣ መልስ ከመጣ በኋላ የሚከፈለው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ አሳየ። ነገሩ የድካም ዋጋ ከሆነ የኋላው ክፍያ ለምን አልሠራም? መልሱ መጠኑ ላይ ነው። ጥቂት ዶላር የሳምንት ሥራ ዋጋ እንደማይሆን ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። አስቀድሞ ሲላክ ግን አጥኚው ድካሙን እንዳወቀና ሰውየውን እንዳመነ ይናገራል፤ የታመነ ሰውም ያንን እምነት ማጉደል ይከብደዋል።

ቢቢሲ ያለ ክፍያ ሠርቷል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1937 የድርጅቱ የአድማጭ አጥኚ ሮበርት ሲልቪ በጎ ፈቃደኛ አድማጮችን ሲጠራ ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ተሰለፈ። ይሁንና ተሽቀዳድሞ የሚመጣ አድማጭ የቀረውን ሕዝብ አይወክልም። ከ1939 መጨረሻ ጀምሮ ድርጅቱ ጠያቂዎችን እየላከ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማነጋገር የጀመረው ለዚህ ነው። ድካሙም፣ ወጪውም ወደ ድርጅቱ ተመለሰ።

አንዱ ዶላር ለሁሉም እኩል አይመዝንም። ደብተሩን የሚመልሱ ወጣት ወንዶች፣ ጥቁሮችና የስፓኒሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጥቂት ስለነበሩ አርቢትሮን ለእነሱ ከፍ ያለ ክፍያ መድቦ ነበር። አድልዎ ቢመስልም ተገቢ ነበር፤ የሚወዱት ጣቢያ የማስታወቂያ ገቢ በእነሱ መቆጠር ላይ ያርፋልና። በኋላ በትልልቅ ከተሞች ደብተሩ አድማጩ ቀኑን ሙሉ ይዞት በሚዞር መለኪያ ሲተካ የኒውዮርክ ዋና ዓቃቤ ሕግ አናሳዎች በቅጡ አልተቆጠሩም ብሎ በ2008 ድርጅቱን ከሰሰ። ጉዳዩ በጥር 2009 በስምምነት ሲዘጋ አርቢትሮን የናሙና አመራረጡን ለማሻሻል ግዴታ ገባ።