በአርክ ብየዳ የኤሌክትሮድ ፖላሪቲና የኃይል ምንጭ ምርጫ

አርክ ብየዳ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በሚበየደው ብረት መካከል በሚነሳ የኤሌክትሪክ ቅስት ሙቀት ብረትን አቅልጦ የማጋጠም ሥራ ነው። ቅስቱ የሚፈልገው ቮልቴጅ ከ20 እስከ 30 ቮልት አካባቢ ብቻ ሲሆን አምፒሩ ግን ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የ220 ቮልቱን መስመር ዝቅ አድርጎ አምፒሩን የሚያሳድግ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽኑ ኤሲ ወይም ዲሲ ያወጣል። በዲሲ ሲሠራ የኤሌክትሮዱ መያዣ ከፖዘቲቭ ወይስ ከኔጌቲቭ እንደሚያያዝ መወሰን ግድ ነው፤ ፖላሪቲ የሚባለውም ይኸው ነው።

ውሳኔውን አስቀድሞ የሚሰጠው የኤሌክትሮዱ ልባስ ነው። በካርቶኑ ላይ «~» ኤሲን፣ «=» ዲሲን፣ አጠገቡ ያለው «+» ወይም «−» መያዣው የሚገባበትን ጫፍ ያመለክታል። ብዙ በያጅ አምፒሩን ብቻ አይቶ ካርቶኑን ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ላይ ይላከካል። ለምሳሌ 6010 የሚባለው ኤሌክትሮድ የሚሠራው በዲሲ ፖዘቲቭ ነው። የቅርብ ዘመዱ 6011 ግን በኤሲም ይነዳል። ምክንያቱ ልባሱ ውስጥ የተጨመረው ፖታሲየም ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ጅረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ቅስቱ በየጊዜው እንደገና መነሳት አለበት፤ ፖታሲየም ይህን ያቀልለታል። ኤሲ ብየዳ በስፋት የተለመደው ወፍራም ልባስ ያላቸው ኤሌክትሮዶች ከተስፋፉበት ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መሆኑም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

በልባስ ኤሌክትሮድ ሲበየድ በጥቅሉ ፖዘቲቭ ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ኔጌቲቭ ኤሌክትሮዱን ቶሎ ያቀልጣል፣ ወደ ብረቱ ግን ብዙም አይዘልቅም። 6013 በኤሲም፣ በሁለቱም የዲሲ ጫፎችም ስለሚሠራ ልዩነቱን በእጅ ለመለየት ይመቻል። ስስ ላሜራ ወይም የበር ፍሬም ቱቦላሬ በፖዘቲቭ ሲበየድ ቶሎ ከተበሳ፣ መያዣውን ወደ ኔጌቲቭ ማዞር ብዙ ጊዜ ችግሩን ያቃልላል። 7018 ግን ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ሸክም ለሚሸከም መጋጠሚያ የሚመረጠው ይህ ኤሌክትሮድ በዲሲ ፖዘቲቭ ወይም በኤሲ ይሠራል። በኔጌቲቭ ከተነዳ ቅስቱ ይረበሻል፣ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ብየዳው ብረቱ ላይ ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ውስጡም ቀዳዳ ሊይዝ ይችላል። በአነስተኛ ኤሲ ትራንስፎርመርም ሲለኩሱት ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ማሽን ቅስት ሳይነሳ የሚያወጣው ቮልቴጅ ለ7018 ስለማይበቃ ነው።

ዲሲ የራሱ ጣጣ አለው። ከፍ ባለ አምፒር፣ በተለይ በወፍራም ብረት ጠርዝና ማዕዘን ላይ፣ ጅረቱ የሚፈጥረው ማግኔት ቅስቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። የማሳውን (ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያዘውን ገመድ) ቦታ መቀየር፣ ቅስቱን ማሳጠር ወይም አምፒሩን መቀነስ ይረዳል። ኤሌክትሮዱ ከፈቀደ ወደ ኤሲ መዞር ደግሞ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው።

በቲግ ብየዳ ሕጉ ይገለበጣል። የተንግስተን ዘንግ ከኔጌቲቭ ሲያያዝ ከሙቀቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ሥራው ላይ ያርፋል፤ ብረትና ስቴንለስ የሚበየዱት እንዲህ ነው። በፖዘቲቭ ዘንጉ ራሱ ግሎ ይቀልጣል። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ የለበሰው ኦክሳይድ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ኤሲ የሚመረጠው፦ በአንዱ ግማሽ ዑደት ኦክሳይዱ ይጠረጋል፣ በሌላው ብረቱ ይሞቃል። በሚግ ብየዳ ውስጡ ዱቄት የሌለው ሽቦ በፖዘቲቭ ይሠራል፤ ያለ ጋዝ የሚሠራው ባለዱቄት ሽቦ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ይፈልጋል።

የማሽኑም ባሕርይ መታየት አለበት። ለኤሌክትሮድና ለቲግ፣ እጅ ከፍ ዝቅ ሲል አምፒሩን ብዙም የማይለውጥ ማሽን ይመረጣል፤ ለሚግ ቮልቴጁን አጽንቶ የሚይዝ። ትራንስፎርመር ከባድ፣ ቀላል አሠራር ያለውና ለጥገና የሚመች ነው። ኢንቨርተር ቀላል ክብደት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲሲ ያወጣል፣ ቅስቱም የረጋ ነው፤ የብረት ብናኝና እርጥበት ግን ይጎዱታል። አንድ ማሽን ብቻ ለሚገዛ፣ ሥራውም የብረት ከሆነ፣ ዲሲ ኢንቨርተር የተሻለው ምርጫ ነው። አሉሚኒየምን በቲግ ለመበየድ ያሰበ ኤሲም ዲሲም የሚያወጣውን ይግዛ። ፖላሪቲ ለመለወጥ ገመዶቹ የሚነቀሉት ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።