በአንጓ ውስጥ ያለችው ታንኳ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን በካምፓላ ከሙላጎ ኮረብታ ላይ የቆመውን ታላቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም ጋር በአውራ ጣት ግርጌ የተሸሸገችውን አንዲት ትንሽ አጥንት ያወሳል።

ሊቃውንት ቅርጿን ተመልክተው በልሳነ ጽርእ ከታንኳ በተገኘ ስም የጠሯት ይህች አጥንት፣ ሰው ወድቆ በመዳፉ መሬት ሲደገፍ ከአንጓው ትናንሽ አጥንቶች ሁሉ ይልቅ የምትሰበር ናት። ደሟን በአብዛኛው የምትቀበለው ከጣቶቹ በኩል ሲሆን ደሙም ወደ ክንዱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ወገቧ ላይ በተሰበረች ጊዜ በክንዱ በኩል ያለው ክፋይ ውኃው እንደ ተቋረጠበት መስኖ ሊደርቅ ይችላል፤ ጄሶ ወራት ቢታሰርበትም ስብራቱ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ራጅ ላይ ሳትታይ የምታልፍበትም ጊዜ ስላለ፣ በሽተኛው «ወለምታ ነው» ብሎ ወደ ወጌሻ ይሄዳል።

አጥንትን በአጥንት መጠገን የቆየ ሐሳብ ነው። የሆላንዱ ሐኪም ዮብ ፋን ሜክረን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1668 በወጣ መጽሐፉ እንደ ጻፈው፣ የአንድ ሩሲያዊ የራስ ቅል በውሻ አጥንት ቢጠገንለት ካህናቱ አወገዙት፤ ሰውየውም ከግዝት ይፈታ ዘንድ ያ አጥንት እንዲወጣለት ለመነ። የቪየናው ሐኪም ኦቶ ሩሰ ስለዚህች የአንጓ አጥንት በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ከራሱ ከበሽተኛው ዳሌ ስፖንጅ መሰል አጥንት አውጥቶ፣ አንጓውን በመዳፉ በኩል ከፍቶ፣ የደረቀውን ፍቆ፣ ጎድጓዳውን በዚያ መሙላትን አስረዳ።

ወደ ሙላጎ እንመለስና፣ ሐኪሙ አልበርት ኩክ በ1897 የመንጎን ሆስፒታል፣ በ1913 ሙላጎን ከመሠረተ በኋላ፣ ኡጋንዳ ነፃነቷን ባገኘችበት በ1962 አዲሱ ሙላጎ ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት በማከሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት የአጥንት ቀዶ ሕክምናን ያስተማረው ሮናልድ ሃክስቴፕ፣ በፖሊዮ የሰለሉ ሕፃናት ይቆሙ ዘንድ በርካሽ ዕቃ የብረት መደገፊያ ያሠራ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ጩኸት የእግር ነበርና።

ዛሬ ጩኸቱ የእጅም ሆኗል። ከድንበር ወደ ድንበር ሰው በሚያመላልሱ ብስክሌቶች ስም «ቦዳ ቦዳ» የሚባለው ሞተር ሳይክል በካምፓላ ጎዳና ሲገለበጥ፣ ነጂው እጁን ዘርግቶ ይወድቃል፤ ሞተሩንም የሚያፈጥነው በዚያው አንጓው በመጠምዘዝ ስለ ሆነ፣ ያልገጠመው ስብራት እንጀራው ላይ ያርፋል። ከወራት በኋላ ሐኪሙ ዳሌውን እንደሚከፍትለት ሲነግረው፣ እጄን እያመመኝ ዳሌዬን ምን አደረገ ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?