የፍልፈል ጥብስና የዩኒቨርሲቲ ሥራ

ሮቤ ባለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ «ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?» «ተመርቀሽስ?» ያላላችሁ ዘመድ የለም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ መምህራንን አፍርቷል፤ ጎባ ባለው ሆስፒታልም የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ግን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ይኼ ብቻ ነው እንዴ? እስቲ ወደ ተራራው እንውጣ።

ባሌ ተራሮች ላይ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። የአካባቢው ከብት አርቢዎች ያውቁታል። የአውሮፓ ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተባበሩበት ጥናት ተቆፈረና ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ፦ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ያኔ እኮ የተራራው አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር!

እንዴት ታወቀ? ዕድሜው የተለካው በካርቦን ነው። በእሳት የተለበለቡ አጥንቶች ደግሞ ምግባቸውን አሳዩ፤ በብዛት የግዙፉ ፍልፈል ጥብስ ነበር። ከባሌ ሌላ የትም የማይገኘው፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ፍልፈል ማለት ነው። መሣሪያ የሠሩበት ባልጩት በኬሚካል ሲመረመር ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ የመጣ ሆነ። የሰው ዓይነ ምድር እንኳን (አትሳቁ) አፈሩ ውስጥ ምልክቱን ትቶ ተገኝቷል።

ይህን አንድ ሙያ ብቻውን አይደርስበትም። አጥንት የሚለይ፣ አፈር የሚመረምር፣ ድንጋይ የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ላይ መገናኘት፣ አንዱም የሌላውን ማስረጃ መፈተን አለበት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። እኔን የሚቆጨኝ ብዙው የላቦራቶሪ ሥራ አውሮፓ መሠራቱ ነው። ሮቤ እኮ ለዋሻው ቅርብ ናት።

ቅርበት ደግሞ የመንገድ ብቻ አይደለም። የባሌ ከብት አርቢዎች ወቅት እየጠበቁ ከብታቸውን ከቆላ ደጋ የሚያዘዋውሩበት «ጎዳንቱ» የሚባል ልማድ አላቸው። የጥንቶቹ አዳኞችስ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ብርድ ላይ ይከርሙ ነበር ወይስ እንደዚሁ ይወጡና ይወርዱ ነበር? አያቱ ከብት ይዘው ወደ ሳነቴ ሲወጡ ያየ የሮቤ ተማሪ ይህን ሲጠይቅ በየትኛው ወር ሣር እንደሚገኝ፣ ውኃው የት እንደሚደርቅ፣ ብርዱ መቼ እንደሚበረታ ከቤቱ ያውቃል። የቀረው ዋሻው ውስጥ ያሉት አጥንቶች በየትኛው ወቅት የታደኑ እንስሳት እንደሆኑ መመርመር ነው።