ልብ ሞልቶ ካዝና ሲጎድል

እስቲ ጠጋ በሉና የለንደኗን የካሚላን ነገር ላውጋችሁ።

ካሚላ ባትማንጌሊጅ የቴህራን ተወላጅ ነበረች፤ በደማቅ ጥምጥሟና በሰፊ ቀሚሷ ከሩቅ የምትለይ ሴት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በደቡብ ለንደን፣ ባቡር ከላይ በሚያልፍበት ቅስት ሥር፣ «ኪድስ ካምፓኒ» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች። ቤት የከበደው ልጅ ሁሉ ይመጣል። ማን ላከህ፣ ደብዳቤህ የታለ አይባልም። ትኩስ ምግብ ይበላል፣ የሚያዳምጠው ሰው ያገኛል፤ አንዳንዱም የሳምንት ገንዘቡን በፖስታ ተቀብሎ ይወጣል።

ዝናዋ ናኘ። አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄዶ ሌላው ቢመጣም በሩ አልተዘጋባትም። የ«ኮልድፕሌይ» ሙዚቀኞች ረዷት። ከመንግሥት ብቻ በዓመታት ውስጥ ቢያንስ 42 ሚሊዮን ፓውንድ ገባላት። ድርጅቱን በበላይነት የሚጠብቀው የባለአደራዎች ቦርድ ነበር፤ ከ2003 ጀምሮ ሰብሳቢው የቢቢሲው አለን ዬንቶብ፣ አገር ያወቀው ሰው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በ2013 ድርጅቱ 23 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አገኘ፤ የዚያኑ ያህል አወጣ። መጠባበቂያውስ? ከግማሽ ሚሊዮን በታች! ገቢው ቢቋረጥ ከአንድ ሳምንት ብዙም አያሻግርም። ልጅ ከደጅ አይመለስም ተብሏልና ገንዘቡ ሳይመጣ ወጪው ይጠብቀዋል። የግብር ዕዳ ይከማቻል፣ ሲጨንቅ መንግሥት ይለመናል፣ መንግሥትም ይሰጣል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ!

በጁላይ 2015 መንግሥት 3 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፤ ካሚላም ከሥራ አስፈጻሚነት ልትለቅ ተስማማች። ወዲያው ግን በልጆች ላይ በደል ተፈጽሟል የሚል ክስ ተሰማና ፖሊስ ምርመራ ጀመረ። ሊሰጡ የነበሩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኦገስት 5 ቀን ድርጅቱ ተዘጋ። ፖሊስ በኋላ መርምሮ ማስረጃ አጣ፤ ምን ዋጋ አለው!

ከዚያ ፍርዱ ተራ በተራ መጣ። በ2016 የፓርላማ ኮሚቴ ቦርዱን ክፉኛ ወቀሰ። ካሚላና ባለአደራዎቹ የኩባንያ ኃላፊ እንዳይሆኑ ይታገዱ የሚል ክስም ቀረበ፤ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው፤ ያ መሠረተ ቢስ የልጆች በደል ክስ ባይነሣ ድርጅቱ ሊተርፍ ይችል ነበር ተባለ። በ2022 የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ፦ ያጭበረበረ የለም፤ ዕዳን በወቅቱ አለመክፈል ግን የአስተዳደር ጉድለት ነው፤ በስስ መጠባበቂያም መሥራት አደገኛ ነበር።

እኔም ከኮሚሽኑ ጋር ነኝ። ሌባ ባይኖርም ቤት ይፈርሳል። ወሬ የትኛውንም ድርጅት ይመታል፤ ስንቅ ያለው ግን እውነቱ እስኪወጣ ይቆማል። ያንን ስንቅ አስቀምጡ ብሎ መሥራቿን መሞገት የቦርዱ ሥራ ነበር። አንድ ሰብሳቢ 12 ዓመት በወንበሩ ሲቆይ፣ ሙግት ወደ ወዳጅነት ማዘንበሉ አይቀርም።

ከእናንተም የቦርድ ወንበር ያለው አይጠፋም። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ የሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ሳይጨበጨብለት፣ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ዛሬ ገቢያችን ቢቆም ስንት ቀን እንቆያለን?» መልሱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።