የሽሌስቪግ አናሳ ብሔረሰቦችና የትምህርት ቤት ፈተና

ለአናሳ ብሔረሰብ ትምህርት ቤት መፍቀድ ብቻውን መብት ማስከበር አይደለም፤ ተማሪው የሚያገኘው ምስክር ወረቀትም ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ይህንንም በዴንማርክና በጀርመን ድንበር ላይ የምትገኘው የሽሌስቪግ ታሪክ ያስረዳል።

ዴንማርክ ሽሌስቪግን በ1864 እ.ኤ.አ. በጦርነት አጣች። በ1920 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሰሜኑ ወደ ዴንማርክ ሲመለስ፣ ደቡቡ በጀርመን ሥር ቀረ። ይሁን እንጂ ድንበር ሕዝብን አጥርቶ አይለይምና በሰሜን ጀርመናውያን፣ በደቡብም ዴንማርካውያን በአናሳነት ቀሩ። ከ1940 እስከ 1945 የቆየው የጀርመን ወረራ ቂሙን አባባሰው። ከጦርነቱ በኋላ በዴንማርክ የነበሩት የጀርመን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት የታወቀ የመጨረሻ ፈተና የመስጠት መብት አልነበራቸውም። በጀርመን በኩል ደግሞ የዴንማርካውያኑ ፓርቲ የ5 በመቶውን የድምፅ ወሰን ባለማሟላቱ በ1954 ከክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ውጭ ሆነ።

ምዕራብ ጀርመን ወደ ሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ለመግባት በተቃረበች ጊዜ ዴንማርክ ጉዳዩን አነሣች። ከዚህም የተነሣ ማርች 29 ቀን 1955 የቦንና የኮፐንሃገን መግለጫዎች ወጡ። መግለጫዎቹ ውል አልነበሩም፤ እያንዳንዱ መንግሥት ለገዛ ዜጎቹ የገባው ቃል እንጂ። አንድ ሰው ብሔረሰቡን በነጻ ይመርጣል፤ ባለሥልጣንም ምርጫውን አይመረምርም። የዴንማርካውያኑ ፓርቲ ከ5 በመቶው ወሰን ነጻ ሲሆን፣ የጀርመን ትምህርት ቤቶችም የፈተና መብት አገኙ።

ይኸው የነጻ ምርጫ መርሕ የአውሮፓ ምክር ቤት በ1995 ለፊርማ ባቀረበውና በ1998 በጸናው የአናሳ ብሔረሰቦች ጥበቃ ስምምነት ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ የትምህርት ዕቅድ አውጪ ሊጠይቅ የሚገባው ትምህርት ቤቱ መከፈቱን ብቻ ሳይሆን፣ የተማሪው መንገድ እስከ ምን ድረስ ክፍት መሆኑን ጭምር ነው።